የማሽኑን ገመድ የያዘችው

ኮረንቲ የያዘው ሰው የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን አልጮህኩም። አፌ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም። በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከዓመት በላይ ሰላም ያላልኳት የወንድሜ ሚስት ነበረች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዓለም ላይ የተቀየምኩት አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ወይንሸት እባላለሁ፤ ቤተሰብ ወይኑ ይለኛል። ቤቴ አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። በዚያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ የሰርግ አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። የአዳራሹ ወለል የድሮ ሥራ ነው፤ ጠጠርና ሲሚንቶ አንድ ላይ ተለብጦ የተሞረደ፣ ሲጸዳ የሚያምር፣ ሲቆሽሽ የሚያስለቅስ። የሰርግ ማግስት ብታዩት የፈሰሰ ለስላሳ፣ የተረገጠ ኬክ፣ የቀለጠ ሻማ፣ ማስቲካ። ያንን ሁሉ በባልዲ ውሃና በብሩሽ ተንበርክከን ነበር የምናስለቅቀው። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ጉልበቴ ቋ ሲል ባለቤቴ ይሰማው ነበር።

ደረጀ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እናታችን ቶሎ ስላረፈች ያሳደግሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ፤ አዲስ ሕንፃ ላይ መስመር ይዘረጋ ነበር። ጫልቱን አግብቶ አስኮ፣ ከእናቷ ቤት አጠገብ ይኖሩ ነበር። ጫልቱን ስትመጣ ወድጃት ነበር። ዝምተኛ፣ ሥራ የማይከብዳት፣ እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "እትዬ" እያለች የምትጠራ ልጅ።

አንድ ጊዜ ደረጀ ታመመ። እኔ የማውቀው ጨጓራውን እንደሚያመው ብቻ ነው። ኩላሊቱ ኖሯል። ሆስፒታል ገባ፣ ተኛ፣ እዚያው አረፈ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ጎረቤቶች ማለዳ በሬን አንኳኩተው፣ ተሰብስበው መርዶ ሲነግሩኝ ነው። ከአየር ጤና ሆስፒታሉ በታክሲ ስንት ደቂቃ ነው? ወንድሜ እዚያ ተኝቶ እኔ እዚህ ወለል እፈገፍግ ነበር። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጫልቱን "ወንድሜን ደበቅሽኝ!" አልኳት። አልመለሰችልኝም። ዝምታዋ የበለጠ አቃጠለኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ያለችበት አልሄድኩም።

እንግዲህ ይህን ቂም ይዤ ሳለሁ ነው አንድ ጠዋት የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍቅሩ አዲስ ሠራተኛ ይዘው የመጡት። ቀና ስል ጫልቱ ናት። እሷም እዚያ እንደምሠራ አታውቅም ነበር። ሁለታችንም ደነገጥን። አቶ ፍቅሩ "ተዋወቁ" አሉን። አልተዋወቅንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ሰገነቱንና መጸዳጃ ቤቱን፣ እኔ ዋናውን ወለል ይዘን፣ አንዳችን ሌላውን እንዳላየን ሆነን መሥራት ጀመርን።

አቶ ፍቅሩ ደግ ሰው ናቸው። ተንበርክከን ስንሠራ ማየት ሰልችቷቸው የወለል ማሽን ሊገዙ ወሰኑ። ሻጩ ሁለት ማሽን አምጥቶ እስኪመረጥ ድረስ ትቶልን ሄደ። አንደኛው ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ ከሥሩ ክብ ብሩሽ፣ ከላይ ረጅም እጄታ አለው። ሁለተኛው ውጭ አገር ሲሠራበት ቆይቶ የመጣ፣ ቀለል ያለና በጣም ፈጣን ነው። መልኩም ያምራል።

"አንዱን እንገዛለን፣ ሌላውን እንመልሳለን" አሉ አቶ ፍቅሩ። "የምትሠሩበት እናንተ ናችሁ፤ ሞክሩና ንገሩኝ። እሁድ ሰርግ አለ።"

ሌሎቹ ሠራተኞች በዚያ ሳምንት ሌላ ቦታ ተመድበው ነበር። የቀረነው እኔና ጫልቱ ነን።

"አንዷ ትነዳለች፣ አንዷ ገመዱን ትይዛለች" አሉ። "ገመዱ ብሩሹ ሥር ከገባ አለቀ።"

ልቤ እንቢ አለ፤ አፌ ግን "እሺ ጋሼ" አለ።

ሐሙስ ጠዋት በከባዱ ጀመርን። መጀመሪያ ጠረግን፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ብሩሹ ሥር ከገባች ወለሉን ስትፍቀው እንደምትውል ሻጩ ነግሮናል። ማስቲካውን በቢላ አነሳን፣ የሳሙና ውሃ ረጨን። እጄታውን ጨብጬ ስጫነው ማሽኑ እንደ በሬ ጎተተኝ! ወደ ግራ ስስበው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስስበው ወደ ግራ እየወሰደ ከተደረደሩት ወንበሮች ጋር አጋጨኝ። ለቀቅሁት፤ ወዲያው ቆመ። ይህ ማሽን እጅ ሲለቀው ይቆማል።

ከኋላዬ ጫልቱ ገመዱን ትከሻዋ ላይ እንደጠቀለለች ቆማለች። ሳቋን እንደዋጠች ገባኝ። ተናደድኩ።

"አትሳቢው" አለች በመጨረሻ። ከለቅሶው ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። "በእጄታው ነው የሚታዘዘው። ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጊው።"

ዝቅ አደረግሁት፤ ወደ ግራ ሄደ። ከፍ አደረግሁት፤ ወደ ቀኝ መጣ። ለካ ጉልበት አይፈልግም። እጄታውን ወገብ ላይ አስደግፎ፣ ቀስ ብሎ ማዘዝ ነው እንጂ ትግል አያስፈልገውም። እስከ ምሳ ሰዓት ከጥግ ጀምረን ወደ በሩ እያፈገፈግን ሄድን። እሷ ከኋላዬ ገመዱን ታነሳለች፣ ታዞራለች። አንዴም አላደናቀፈኝም። አላወራንም፤ ግን ሁለት ሰው እንደዚያ ተናቦ ሲሠራ ያለማውራቱ ራሱ ይከብዳል። ወለሉ ደርቆ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ እኩል ነው፤ ብቻ ያን ያህል አያንጸባርቅም።

ዓርብ ተራው የፈጣኑ ሆነ። ደረቁ ወለል ላይ ሰም ቀብተን አንድ ጊዜ ሳስኬደው ከጣሪያው ላይ ያለው መብራት ወለሉ ውስጥ ታየ። አቶ ፍቅሩ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"በቃ! ይሄ ነው!" አሉ። "ሙሽራዋ ፊቷን ታይበታለች። ጨርሱት፤ እኔ አዳራሹን የሚያስጌጡትን ልቀበል።" ብለው ወጡ።

መድረኩ አጠገብ የደረቀ ጭማቂ የቀረበት ቦታ ነበር። እንደ ሐሙሱ ውሃ ረጨሁበት። ይህ ማሽን ለደረቅ ወለል ብቻ የተሠራ መሆኑን፣ ውሃ መቅረብ እንደሌለበት የነገረን የለም። ገመዱም እጄታው ሥር በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ ነበረው። አይቼዋለሁ፤ አሮጌ ዕቃ ሲጠገን የተደረገ መስሎኝ ነበር።

አስነሳሁት። ውሃው ዙሪያውን ተረጨ፣ እግሬ ራሰ። ከዚያ አንድ ነገር ክንዴን ነከሰው።

ነከሰው የምለው ሌላ ቃል ስለማላገኝ ነው። እጆቼ እጄታው ላይ ተጣበቁ። ልለቅ እፈልጋለሁ፣ ጣቶቼ ግን የእኔ አይደሉም። ደረቴ ጠበበ። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ሞላ። ዓይኔ ግን ያይ ነበር። ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ገመዱን ይዛ ወደ እኔ ሮጠች፣ እጇን ዘረጋች፣ ልትደርስብኝ ትንሽ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች።

ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ግድግዳው ሮጠች።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ትታኝ ሄደች" ነው ያልኩት። "ደረጀን እንዳሳጣችኝ፣ እኔንም ትታኝ ሄደች።"

እሷ ግን ገመዱን ሁለት እጇ ላይ ጠምጥማ፣ አንድ እግሯን ከግድግዳው አስደግፋ በሙሉ ሰውነቷ ሳበችው። ስፒናው ከነሶኬቱ ሽፋን ተነቅሎ ወጣ፤ እሷም በጀርባዋ ወደቀች። ማሽኑ ጸጥ አለ። እኔ እንደ ጆንያ እርጥቡ ላይ ተዘረጋሁ።

"እትዬ! እትዬ ወይኑ! ስሚኝ! ዓይንሽን አትጨፍኚ!"

ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ በጥፊ ትመታኛለች፣ መልሳ ትዳብሰኛለች። በአማርኛ ትጀምርና በኦሮምኛ ትጨርሳለች። ፊቴ ላይ የሚንጠባጠበው የወለሉ ውሃ መስሎኝ ነበር፤ እንባዋ ነው።

አቶ ፍቅሩ ጩኸቷን ሰምተው እየሮጡ መጡ። በመኪናቸው ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዱን። መዳፌ ተቃጥሏል፣ ልቤም አመታቱ ትንሽ ስለተዛባ ሐኪሟ "እስኪረጋጋ እዚሁ ትቆያለች" አለች። አቶ ፍቅሩ ባለቤቴን ሊጠሩ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ ታርፋለች፤ ጫልቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ወደ እሷ ዞሬ ጠየቅኋት።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ምኑን?"

"እንዳትነኪኝ።"

ጎንበስ አለች። "ደረጀ ነዋ" አለች። "ከተጋባን ጀምሮ ያስጠናኝ ነበር። እራት እየበላን ሁሉ፣ 'ጫልቱ፣ ኮረንቲ ቢይዘኝ ምን ታደርጊያለሽ?' ይለኛል። 'እጎትትሃለኋ' እላለሁ። 'እንግዲያው ሁለታችንም ሞትን' ይላል። 'ከወደድሽኝ አትንኪኝ። መጀመሪያ ኮረንቲውን አጥፊ፣ ካልቻልሽ ገመዱን ንቀዪ።' እኔ ያስቀኝ ነበር። እሱ ግን ሳያስደግመኝ አይተወኝም። ዛሬ እጄን ስዘረጋልሽ ድምፁን የሰማሁት መሰለኝ።"

ከወደድሽኝ አትንኪኝ። ወንድሜ ይህን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ያሳደግሁት፣ ነጠላ ጫማውን የገዛሁለት፣ ቆሎ አፍሼ ኪሱ የጨመርኩለት ልጅ ነው። ሁሉንም የማውቅ፣ ሁሉም የእኔ የሆነ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ የማላውቀው ደረጀ ነበር፤ እራት ላይ የሚቀልድ፣ ሚስቱን የሚያስጠና ባል። እሱ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ሞቶም ሕይወቴን ያተረፈው በእሷ እጅ ነው።

ከዚያ ያንን ጥያቄ ጠየቅኋት። በለቅሶው ቀን ጮኼ የተናገርኩትን፣ አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ለምን አልጠራሽኝም ጫልቱ?"

ሐኪሟ ገብታ ልቤን አዳምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረችው።

"ብጠራሽ ሊሞት ነው ማለት መሰለኝ" አለች። "ነገ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል እያልኩ። እሱም 'ወይኑን አታስደንግጫት፣ ስወጣ ራሴ እሄድባታለሁ' ይለኛል። ስልኩን አነሳና ስምሽን አውጥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ብጠራሽ ኖሮ ይሻል ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። ግን ካንቺ ብቻ አይደለም የደበቅሁት እትዬ። ከራሴም ደብቄው ነው።"

ልዋሽ አልፈልግም፤ ቅሬታዬ በዚያች ሰዓት ጨርሶ አልጠፋም። ወንድሜን ሳልሰናበተው መቅረቴ ዛሬም ያመኛል። ግን አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የሰረቀችኝ ሰው ሳትሆን፣ እኔ ያጣሁትን ያንኑ ሰው ያጣች መሆኗ ያን ቀን ገባኝ። የታሸገውን እጄን ዘረጋሁላት። በጣም ቀስ ብላ፣ እንዳታመኝ ብላ በጣቶቿ ጫፍ ያዘችው።

ቅዳሜ ሐኪሟ አርፊ ብትለኝም አዳራሹ ሄድኩ። ሻጩ መጥቷል። የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የፈጣኑን ማሽን ገመድ ከፍቶ እያሳያቸው ነበር። ውስጡ ያለው ሽቦ ተላጧል። ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደው ሦስተኛው ሽቦ ደግሞ ስፒናው ሲቀየር ተቆርጦ ቀርቷል።

"ትንሽ ነገር ናት፣ ትጠገናለች" አለ ሻጩ። "ማሽኑ እንደሆነ አንደኛ ነው። ወለሉን አያችሁት አይደል?"

አቶ ፍቅሩ ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ። እውነቱን ለመናገር ዓይናቸው ገና እዚያ ብርሃን ላይ ነበር።

"ቢጠገንስ ወይንሸት?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ቢጠገንም ይሄ ወለል ውሃ ያስፈልገዋል፤ ይሄ ማሽን ውሃ አይወድም" አልኩ። "ሰርገኛው ወለሉን አንድ ቀን ረግጦት ይሄዳል። እጄታውን በየቀኑ የምንይዘው እኛ ነን። የኛ ምርጫ ከባዱ ነው።"

"የኛ?" አሉ ወደ ጫልቱ እያዩ። እስከዚያ ድረስ እንደማንነጋገር ሁሉም ያውቅ ነበር።

"የኛ" አለች ጫልቱ።

ከባዱን ገዙ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የግድግዳውን መስመርም ፈትሾ አስተካከለው። ያን ቀን እጄ ስለታሸገ የነዳችው ጫልቱ ናት፤ እኔ በክንዴ ገመዱን እያነሳሁ ከኋላዋ ተከተልኩ። እሁድ ሰርጉ ደመቀ፤ ወለሉ አላንጸባረቀም ብሎ ያወራ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ሰኞ ዕረፍታችን ነበር። ከጫልቱ ጋር አስኮ ሄድኩ፤ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እናቷ በር ላይ ሲያዩኝ ግንባሬን ሳሙኝ። ጫልቱ የደረጀን የመጨረሻ ቀናት ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ፤ ምን እንደበላ፣ ከጎኑ በተኛው ሽማግሌ ምን ብሎ እንደቀለደ፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ጠይቆ እንዴት እንዳንቀላፋ። እሷ እያወራች፣ እኔ እየጠየቅሁ፣ አብረን እያለቀስን መሸ። ወንድሜ ከተቀበረ ከርሟል፤ እኔ ግን አፈር ያለበስኩት ያን ቀን ነው።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ከጫልቱ ጋር የራሳችን ሥራ አለን። ከአየር ጤና እስከ አስኮ ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ አዳራሽ ወለል እናጸዳለን። ማሽን ሊገዙ ሲሉ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የምላቸው ቀላል ነው፦ የወለሉን ማንጸባረቅ መጨረሻ ላይ እዩት። መጀመሪያ ገመዱን ከስፒናው እስከ እጄታው በእጃችሁ ዳስሱት። ለየትኛው ወለል፣ ለእርጥብ ነው ለደረቅ ብላችሁ ጠይቁ። እጅ ሲለቀው ይቁም፤ ግን በዚያ ብቻ አትመኑ፣ ኮረንቲ የያዘው እጅ አይለቅምና። ብቻችሁንም አትሥሩ።

ስለ ቂም ግን ምክር ለመስጠት አልደፍርም። ሰው ሁሉ የሚያመው ቦታ የተለያየ ነው። እኔ የማውቀው፣ የሞተብኝን ሰው ግማሹን ይዛብኝ የነበረችውን ሴት ከዓመት በላይ ስሸሻት መኖሬን ነው። ብቀርባት ኖሮ ያንን ግማሽ ቀድሜ አገኘው ነበር።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልጨርስ። ባለፈው ዓመት አንድ መልካም ሰው፣ እሱም ሚስቱ የሞተችበት፣ ጫልቱን ፈለጋት። ለኔ ለመናገር ብዙ ቀን ፈራች። ስትነግረኝ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ተመልሼ ወጥቼ "ሽማግሌ ይላክ" አልኳት። ሽማግሌዎቹ አስኮ ሲመጡ ከእናቷ ጎን ተቀምጬ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። አንደኛው፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ ማንነቴን ሲሰሙ ኩርሲያቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"የሟቹ እህት ነሽ አሉኝ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቅር አይልሽም?"

"ቅር የሚለኝ ብቻዋን ብትቀር ነበር አባቴ" አልኳቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ጫልቱ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና "እንግዲያው እንመርቅ" ብለው ተነሱ። ሁላችንም ተነሳን።